በገጽ አሥራ አንድ ላይ ያለው «ግልጽ ነው»

ሰኞ 3

ዛሬ ቀኑ ተቆረጠ። የዶክትሬት ጽሑፌ ከሚቀጥለው ወር በኋላ ባለው ወር፣ አርብ 24፣ ሦስት ቅጂ ተጠርዞ የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት። ጸሐፊዋ ቀኑን ካላንደሯ ላይ ከበበችና ከዚያ ካለፈ እኔ የለሁበትም አለችኝ። አሥራ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶኛል። ስወጣ ኮሪደሩ ከወትሮው ረጅም መሰለኝ፤ መስኮቶቹ ተከፍተው መጋረጃዎቹ ወደ ውስጥ ይነፋሉ፣ ሰው የለም። ቆሜ አየኋቸው። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እታለም ናት፣ ታላቅ እህቴ። ልብስ ሰፊ ናት። የምታስቢውን ሁሉ ለእኔ ከምትነግሪኝ ለሱ ንገሪው፣ እኔ ክር ይጠፋብኛል ብላ ነው የሰጠችኝ። አብረን ነው የምንኖረው። ባሏ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ እሷ ግን አልተከተለችውም። ለምን ስላት ደንበኞቼን ለማን ልተው ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ደንበኛዋን እየለካች «ታናሼ ትመረቅና እሄዳለሁ» ስትል በበሩ በኩል ሰማኋት።

የማጠናው ወለል ነው። ማለቂያ የሌለው ወለል አለ እንበል፤ አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ይዘን፣ ክፍተት ሳንተው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ሳንደርብ ልንሸፍነው እንችላለን ወይ? እታለም አራት ዓመት ተኩል ሙሉ አንድ ወለል አንጥፋ ያልጨረሰች ሠራተኛ አይታ እንደማታውቅ ለሰው ሁሉ ትናገራለች።

ሐሙስ 6

ሐሙስ የፕሮፌሰር ቀን ነው። አማካሪዬ ናቸው፤ በዚህ ዓመት መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ነጭ ሰሌዳና ማርከር አልወድም ብለው አንድ ጥቁር ሰሌዳ ቢሯቸው ውስጥ ስላስቀሩ፣ ተማሪው በሌሉበት ጋሽ ጠመኔ ይላቸዋል። የኮታቸው ትከሻ ሁልጊዜ ነጭ ነው።

አንድ ሕግ አላቸው። በእሳቸው እጅ የሚያልፍ ተማሪ ጽሑፉ ውስጥ «ግልጽ ነው» ብሎ መዝለል አይችልም። ሌላው ዓለም ይጽፈዋል፣ የሒሳብ መጻሕፍት ሞልተውታል፤ እሳቸው ግን ባገኙት ቁጥር በቀይ ይሰርዙና ከጎኑ «ግልጽ ከሆነ አሳየኝ» ብለው ይጽፋሉ። ሦስተኛው ምዕራፌ የሚቆመው እሳቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት ባወጡት ቲዎረም፣ አንድን ሕግ የሚያሟላ ቅርጽ ከየትም ዳር ቢነጠፍ ወለሉን ያለ ክፍተት ይሸፍናል በሚለው ላይ ነው። ሌላ አማካሪ ቢሆን ጥቀሽና እለፊ ይለኝ ነበር። እሳቸው «የእኔም ቢሆን እርምጃ በእርምጃ ጻፊው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ገጽ የሆነውን የድሮ ጽሑፋቸውን አንድ በአንድ እየዘረዘርኩ ነው።

ዛሬ ባለፈው ሐሙስ ያስረዱኝን ያንኑ ከመጀመሪያው አስረዱኝ፣ በዚያው ምሳሌ፣ በዚያችው ቀልድ። ማዳመጤን ሊፈትኑ ነው መሰለኝ። ድጋሚ ገለበጥኩ።

ማክሰኞ 11

እስከ ገጽ አሥር ጨረስኩ። ገጽ አሥራ አንድ፣ አራተኛው መስመር፦ «ሁለቱ ንጣፎች በማንሸራተት እንደሚገጥሙ ግልጽ ነው።» ለካ እሳቸውም ወጣት ሳሉ ጽፈውታል። ሳቅኩ። ለእኔ ግን ግልጽ አልሆነልኝም። ደክሞኝ ነው። ነገ።

ረቡዕ 12

አልሆነም።

ሐሙስ 13

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ከወለሉ ሁለት ዳር ተነስተው ለየብቻቸው ማንጠፍ ጀመሩ እንበል። መሀል ላይ ሲደርሱ አንደኛው የራሱን ንጣፍ ትንሽ ቢያንሸራትት ሁለቱ ያለ ክፍተት ይገጥማሉ ነው የሚለው መስመሩ። ለምን ይገጥማሉ? ፕሮፌሰር ገጹን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ይህ ማንም የሚሠራው ቀላል ነገር እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ በሁለት መስመር እንደሚያሳዩኝ ነገሩኝ። አፈርኩ። ይህን ያህል ዘመን ተምሬ ሁለት መስመር አቃተኝ።

እሁድ 16

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ጉም ለብሶ ነበር። በጣቴ የማጠናትን ቅርጽ ሣልኳት፣ ከጎኗ ሌላ፣ ከጎኗ ሌላ። ከመስኮቱ ወጥታ በሱቆቹ ግድግዳ ላይ፣ በሰዎቹ ጃንጥላ ላይ የምትቀጥል መሰለኝ። ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ እኔም አብሬ፤ ድምፅ የለውም፣ ደስ ይላል። ከማዶ ደግሞ ሌላ ወለል ይመጣል፣ እኔን ፍለጋ። ልንገናኝ ስንል ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። መጨረሻው ጣቢያ ደርሰናል፤ የምወርድበትን ስድስት ፌርማታ አልፌዋለሁ። በእግሬ ተመለስኩ። ዝናቡ ስስ ነበር፣ አልቸኮልኩም።

ሐሙስ 20

ፕሮፌሰር ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ሞልተው ሁለት ጊዜ አጠፉት። እንዴት ያምራል። እጃቸው አንዴም ሳይቆም ነው የሚሄደው። ቤት ገብቼ ሳነበው ስለ ገጽ አሥራ አንድ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት የጨረስነው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ምናልባት መንገዱ በዚያ በኩል ይሆናል። እሳቸው የሚያዩትን እኔ አላየሁም።

በአንድ እግራቸው ጥቁር ጫማ፣ በሌላው ቡናማ አድርገው ነበር። የሒሳብ ሰው ነገር። ለጺሙ ነገርኩት። ጺሙ የቢሮ ጓደኛዬ ነው፣ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ የጀመረ፣ በሁሉ ነገር የሚስቅ ሰው። በዚህ ግን አልሳቀም።

ረቡዕ 26

ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ ጸሐፊዋና ጺሙ በሩ ላይ ቆመው «አንተ ንገራት»፣ «እኔ አልችልም፣ አንቺ ንገሪያት» ሲባባሉ ደረስኩባቸው። ሲያዩኝ ስለ ፕሪንተር ቀለም ማውራት ጀመሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አትችልም፣ አትጨርስም እያሉኝ ነው። ልክ ናቸው። የዛሬ ሥራዬ ግማሽ ገጽ ነው፣ እሱም ተቀደደ።

ሐሙስ 4

ፕሮፌሰር «ልጆችሽ ደህና ናቸው?» አሉኝ። ልጅ የለኝም። ደህና ናቸው አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ስንት ተማሪ አሳልፈዋል፣ ከአንዷ ጋር ቢምታታባቸው ምን ይገርማል። ስለ ገጽ አሥራ አንድ አልጠየቅኳቸውም። ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ፣ አነሳሁላቸው፤ ከዚያ ሁለታችንም ሰሌዳው ላይ ያረፈችውን ፀሐይ ስናይ ቆየን።

ሰኞ 8

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠሩኝ። ለፕሮፌሰር ስንብት መጽሔት ይታተማል፤ ሽፋኑ ላይ የቲዎረማቸው ሥዕል ይወጣል። አንቺ ገጽ በገጽ ስለምታውቂው ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጻፊ አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ 13

እታለም ገበያ ሄዳ ቤቱ የእኔ ብቻ ነበር። የልብስ ቅድ የምታወጣበትን ቡናማ ወረቀት ዘረጋሁ። በጽሑፉ ሕግ የምትካተት አንዲት ዘጠኝ ጎን ያላት ቅርጽ አለች፤ መልከ ጥፉ ስለሆነች ማንም ለምሳሌ አይመርጣትም። እሷን ሃምሳ ጊዜ ያህል ቆረጥኳት። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሁለት ጫፍ ተነስቼ አነጠፍኩና መሀል ላይ አገናኘሁ። ጣት የምታህል ክፍተት። አንሸራተትኩ። ክፍተቷ ቦታዋን ቀየረች እንጂ አልሄደችም። ድጋሚ። ውጭ ይዘንባል፣ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ አለ፣ መቀሱ እጄ ውስጥ ሞቋል። እታለም ገብታ ራሴ ላይ ስትቆም አልሰማኋትም።

«ለደንበኛ እጅጌ ያልኩት ወረቀት ነበር» አለች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ የገዛችውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ 15

ሰባት ዓይነት ማንሸራተት ብቻ ነው ያለው። ሰባቱንም ጻፍኳቸው። ሰባቱም ክፍተት ይተዋሉ። ማረጋገጫው ዘጠኝ መስመር ነው። አራት ጊዜ አየሁት።

ቲዎረሙ ሐሰት ነው።

ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ የሠራሁትን ሁሉ ውሃ በላው። የእሳቸውንም ሠላሳ ዓመት። ተነስቼ ልብስ አጠብኩ።

ማክሰኞ 16

ለጺሙ አሳየሁት። እያፏጨ ወረቀቶቹን ወዲያ ወዲህ ሲገፋ ቆይቶ ፉጨቱን አቆመ። በሩን ዘግቶ መከረኝ። «በታወቀው ቲዎረም መሠረት» ብለሽ አንድ መስመር ጻፊና እለፊ አለኝ። ገጽ አሥራ አንድን በዚህ ሁሉ ዘመን ያነበበ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ፈታኞቹ እንደሆነ የሚያረጋግጡት የራሳቸው ስም መጠቀሱን ነው። ተመረቂ፣ ስህተቱን በኋላ ታወጪዋለሽ።

«ከምን በኋላ?» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ከነገሩ ጾም እደሩ አለና ኮቱን ለበሰ።

ሐሙስ 18

ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። አልነበሩም። ጸሐፊዋ እንዳለችው ማለዳ መጥተው የድሮው አዳራሽ በር ላይ ቆመው ተማሪዎቻቸውን ሲጠብቁ ጥበቃው አገኛቸውና ቤታቸው አደረሳቸው። አዳራሹ መጋዘን ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። በሐሳብ ተውጠው ይሆናል። እኔስ ስድስት ፌርማታ አልፌ የለ? ጸሐፊዋ ሌላ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ቸኩያለሁ አልኳት። አልቸኮልኩም ነበር።

እሁድ 21

እታለም ከባሏ ጋር በስልክ ስታወራ «ወር ከምናምን ብቻ» ስትል ሰማሁ። ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዳ አቧራውን ጠርጋዋለች። ስልኩን ስትዘጋ ሁሉንም ነገርኳት። አንዷን መስመር ከጻፍኩ በቀኑ እንደምመረቅ፣ እውነቱን ካወጣሁ ግን ቢያንስ ዓመት እንደሚጨመርብኝ፣ ፕሮፌሰርም በስንብታቸው ዋዜማ በሰው ፊት እንደሚዋረዱ። መርፌዋን እንደያዘች ሰማችኝ።

«እኔ እንድሄድ ብለሽ ነው አንዷን መስመር የምትጽፊው?» አለች።

ወለሉ ላይ የወደቀውን ክር መልቀም ጀመርኩ።

«በእኔ አታሳቢ። የፈለግሽውን አድርጊ፣ በእኔ ግን አታሳቢ። ለአንቺ ብቻ ብዬ የቆየሁ ይመስልሻል? እኔም የምፈራው ነገር አለኝ።»

ምን እንደምትፈራ አልጠየቅኳትም። እሷ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ እኔ የመኪናውን ድምፅ እየሰማሁ ስለ ገጽ አሥራ አንድ ማሰብ ጀመርኩ። እንዲህ ነኝ እኔ። ሰው ሁሉ የሚኖረው ለእኔ ይመስለኛል።

ረቡዕ 24

መልከ ጥፉዋን ብቻዋን ላስወጣት ሞከርኩ፣ «ከእሷ በቀር» ብዬ። እህቶች አሏት። ማለቂያ የላቸውም።

ሐሙስ 25

ዛሬ ፕሮፌሰር ደህና ነበሩ። ደህና ማለቴ፣ ደስ ብሏቸው ነበር። ያንን ቲዎረም ያገኙበትን ጠዋት ነገሩኝ፤ ኩብ ስኳር በጠረጴዛ ላይ እየደረደሩ ነበር፣ ባለቤታቸው ስኳሩን ለልጆቹ ሻይ ሊወስዱ ሲጠብቁ። ሲናገሩ ፊታቸው የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ፊት ሆነ። እንዴት ብዬ ልንገራቸው። በሚቀጥለው።

ሐሙስ 2

ጉንፋን ይዞኛል ብዬ መልእክት ላክሁ። አልያዘኝም።

እሁድ 5

አሁን ሦስተኛው ምዕራፍ በሁለት መልክ አለኝ። አንዱ አንዷ መስመር ያለችበት፣ ንጹሕ፣ የሚያምር። ሌላው ባዶ። ንጹሑን ፕሪንት አደረግኩት፣ ለማየት ብቻ። ገጾቹ ሞቃት ነበሩ። ጉልበቴ ላይ እንዳደረግኳቸው በጠራራው ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ያለ ጫማ እሄዳለሁ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁሉም ገጥሟል፣ እስከ አድማስ። ማንም የለበትም። ስነቃ ፊቴ ላይ የወረቀት ጠርዝ ታትሞ ነበር።

ሐሙስ 9

ዛሬ ቤታቸው ሄድኩ። በረጅሙ ልጻፈው።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እንኳን መጣሽ አሉኝ፣ ከልባቸው። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። በሮቹና ሣጥኖቹ ላይ ትንንሽ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ስኳር»፣ «መድኃኒት፣ ጠዋት»፣ «መታጠቢያ ቤት»፤ በውጭው በር ላይ ደግሞ «ብቻህን አትውጣ»። እትዬ ሥርዓት የሚወዱ ሴት ናቸው።

ፕሮፌሰር መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። የምናገረውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ በዚያ ፈንታ ቡናማዎቹን ወረቀቶች ከቦርሳዬ አውጥቼ በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ አነጠፍኳቸውና እነዚህን ማገናኘት ይቻላል ወይ አልኳቸው። ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም።

ማንሸራተት ጀመሩ። ሲጨብጡኝ ይንቀጠቀጥ የነበረው እጃቸው ወረቀቱን ሲነካ ረጋ። እትዬ ሻይ አመጡ፣ ቀዘቀዘ። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ ወረደች። ፕሮፌሰር ለራሳቸው አንድ ዜማ ያንጎራጉራሉ፣ እኔ የሚወድቁትን ቁራጮች አነሳለሁ። ጊዜው የት እንደሄደ አላውቅም። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚቸኩል ሰው፣ የሚመረቅ ሰው አልነበረም። ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አይገጥምም» አሉ በመጨረሻ። «ሰባት መንገድ ነው ያለው። በሰባቱም አይገጥምም።»

ሰባት መሆናቸውን አልነገርኳቸውም ነበር።

ገጽ አሥራ አንድን አወጣሁ። የጸሐፊው ስም ያለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው፣ እሱን ቤት ትቼው ነበር። ሆነ ብዬ አይደለም። አይመስለኝም። ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡና አራተኛውን መስመር ሰረዙ፤ ከጎኑም እንደ ልማዳቸው ጻፉበት።

«የማን ተማሪ ነው ይሄን የጻፈው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «የእርስዎ ነው» አልኩ።

«የኔ? ታዲያ እንዴት አሳለፍኩት?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወጣት ነው?»

«ሲጽፈው ወጣት ነበር።»

«በይ ንገሪው፣ አይፈር። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ እንዲህ ያለ ክፍተት አንዴ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ሥራው ገና ከዚህ ነው የሚጀምረው በይው።»

«እነግረዋለሁ።»

እትዬ ብርጭቆዎቹን አንስተው ወደ ጓዳ ሲገቡ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፕሮፌሰር እስከ በር ሸኙኝና ሐሙስ እንገናኝ አሉኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

አርብ 24

ሦስቱ ቅጂ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የሉም። የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ፎርም ሞላሁ። ያንን ንጹሕ ምዕራፍ እታለም ለቅድ ተጠቀመችበት፤ የሆነች ሴት እጅጌ ሆኗል።

ሰኞ 27

እታለም ሄደች። ጣቢያው ላይ፣ ሻንጣዋ ተጭኖ፣ ምን እንደምትፈራ ጠየቅኳት። ይህን ያህል ተለያይተው ሲያገኛት የማያውቃት ሴት ብትሆንበትስ ብላ ነው። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም አልኳት። «ሕልመኛዋ፣ አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ» አለችኝ፣ ግን እየሳቀች ነው ያቀፈችኝ። አውቶቡሱ ከሄደም በኋላ ቆምኩ። ቤቱ ውስጥ የመኪናው ድምፅ ስለሌለ ዛሬ ሁሉም ነገር ሩቅ ሆኖ ይሰማኛል።

ሐሙስ 30

መጽሔቱ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። በሁለት ገጹ ማብራሪያ ፈንታ ለኃላፊው ደብዳቤ ወሰድኩ፣ በቀይ ካረሙት ገጽ ጋር። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ የቲዎረሙ ባለቤት በዚህ ወር ሐሙስ 9 ከሰዓት በኋላ፣ በመኖሪያ ቤታቸው፣ በጽሑፋቸው ገጽ አሥራ አንድ ላይ ያለውን ስህተት ራሳቸው አግኝተው በእጃቸው አርመዋል፤ እኔ በቦታው ነበርኩ። ጸሐፊዋ ፋይል ይዛ ቆማ ነበር። ጺሙም ለራሱ ጉዳይ መጥቶ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አነበበ።

«ቀድመሽ ያገኘሽው አንቺ አይደለሽ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ዲግሪውም ቀረ፣ አሁን ግኝቱንም ሰጠሽ?»

«ማንም ሳይነግራቸው አገኙት። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

ኃላፊው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሽፋኑ ይቀየራል አሉ፣ ለፕሮፌሰርም ክብር እንጂ ውርደት እንደማይሆን ተናገሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ወደ እኔ ሳያዩ ጠየቁኝ።

«በስንብቱ ዕለት መድረክ ላይ ወጥተው ይህንን ራሳቸው ያስረዱናል?»

«አይችሉም» አልኩ። «ታመዋል። የጻፉት ራሳቸው መሆናቸውን አላወቁትም።»

ከአፌ ሲወጣ እኔው ሰማሁት። ከሦስቱ አንድም የደነገጠ አልነበረም። ኃላፊው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ፣ ጸሐፊዋ ፋይሏን ደረቷ ላይ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ እኔን ሲጠብቁ ነው የከረሙት። ጺሙ ወንበር ሳበልኝ፣ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።